ለምን ያዟቸው?

ልጅቱ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች። አጎቷ ዕድሜያቸውን በሀብሩ ወረዳ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ዛሬ መርሳ ላይ በጡረታ ያሉ ሰው ናቸው። ለተማሪዎች ክበብ የጻፈችውን ድራማ ልታስነብባቸው መጥታለች። ሰማይ ሰማይ ማለት የጀመረችው ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት የሠራች ዕለት ነው፤ አጎቷ ግን እስካሁን ድረስ «ያልፍላታል» ይላሉ። ከዚህ በታች ያለው ድራማው ተነቦ ካለቀ በኋላ የተነጋገሩት ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠሩት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ተለይቶ ይነገራል።

አጎት፦ እንግዲህ ሦስት ጠፈርተኞች ሄዱ፣ ወረዱ፣ ተያዙ። የያዛቸው ፍጡር በእውቀት ይበልጣቸዋል። እስከዚህ ሸጋ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ሦስቱም ግድግዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ሲስሉ ይውላሉ። ምን ነክቷቸው ነው?

ልጅቱ፦ አእምሮ እንዳላቸው ለማሳየት ነዋ ጋሼ። በቋንቋ አይግባቡም። ሒሳብ ግን የትም ቢሄዱ አንድ ነው። የፓይታጎረስን ሕግ ስለው ካሳዩት «እነዚህስ አውሬ አይደሉም» ብሎ ይለቃቸዋል ብለው ነው።

አጎት፦ ለቀቃቸው?

ልጅቱ፦ የለም። ንብም ባለ ስድስት ማዕዘን ቤት ትሠራለች፤ በዚያ ምክንያት ከቀፎዋ ያወጣት የለም። መውጫውን ያገኘሁት በርትራም ቻንድለር የሚባል የመርከብ መኮንን በ1957 ከጻፈው አጭር ልቦለድ ነው። እዚያም ሰዎች እንዲሁ ተይዘው ይከርማሉ፤ ያልሞከሩት ነገር የለም። አንድ ቀን አይጥ የምትመስል ትንሽ እንስሳ ይይዙና ለመጫወቻ ያህል ሳጥን ሠርተው ይዘጉባታል። ያዦቹ ይህን ባዩ ጊዜ ይቅርታ ጠይቀው ይለቋቸዋል። ሌላውን ፍጡር ይዞ የሚዘጋ አእምሮ ያለው ብቻ ነው ብለው።

አጎት፦ አሃ! ማሰር የአእምሮ ማስረጃ ሆነና አረፈው።

ልጅቱ፦ አሪፍ አይደለም?

አጎት፦ አሪፍስ ነው። ልቤን የበላው ሌላ ነው። ሃያ ሁለት ገጽ አንብቤ አንድ ነገር አጣሁ። ለምን ያዟቸው?

ልጅቱ፦ ሊያጠኗቸው ይሆናላ።

አጎት፦ ይሆናላ አይበቃም። ያዥ ምክንያት አለው፤ እስሩም የሚመስለው ምክንያቱን ነው። ቀለቡ፣ ሰንሰለቱ፣ ጠባቂው፣ የመፈቻው ቀን፣ ሁሉም ከዚያ ነው የሚቀዳው። አንቺ ምክንያቱን ሳታውቂ በሩን ሠርተሻል።

ልጅቱ፦ እሺ፣ እኔ የማውቀውን ላስቀድም። ጠፈርተኛን ከእሱ የበለጠ ብልህ ፍጡር የያዘበት ታሪክ በእውነት አለ። ያዦቹ እኛ ነን።

አጎት፦ እኛ ማን?

ልጅቱ፦ ሰዎች። ሐም ስለሚባለው ቺምፓንዚ ሰምተዋል? ካሜሩን ጫካ ውስጥ ገና ግልገል ሳለ ነው የተያዘው። በ1959 የአሜሪካ አየር ኃይል ገዝቶ ኒው ሜክሲኮ ወሰደው። ስም እንኳ በይፋ አልተሰጠውም፤ 65 ቁጥር ነበር የሚባለው። በረራው ላይ ቢሞት ጋዜጣው «እገሌ ሞተ» ብሎ እንዳይጽፍ ነው። ሐም ተብሎ የተነገረለት በሕይወት ከተመለሰ በኋላ ነው።

አጎት፦ ብልሆች ናቸው። ቁጥር ቢሞት አይለቀስለትም።

ልጅቱ፦ ሥልጠናውን ይስሙት። ወንበር ላይ ጠፍረው ያስቀምጡታል። ፊት ለፊቱ ሰማያዊ መብራት ይበራል። በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ዘንግ መሳብ አለበት። ከሳበ ሙዝ ሙዝ የሚል እንክብል ትወርድለታለች። ከዘገየ የውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ይነዝሩታል። መብራት፣ ዘንግ፣ እንክብል። መብራት፣ መዘግየት፣ ንዝረት። ይኸው ነው ቀኑ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1961 ላኩት። ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ፣ አሥራ ስድስት ደቂቃ ተኩል ያህል በርሮ አትላንቲክ ላይ ወደቀ። ላይ ሆኖ ዘንጉን የሳበው መሬት ላይ ከለመደው በሴኮንድ ሽራፊ ብቻ ዘግይቶ ነው። በዚያ ነው ሰው ክብደት በሌለበት እጁን ማዘዝ እንደሚችል የታወቀው። በሜይ ወር አላን ሼፐርድ በዚያው ዓይነት መንኮራኩር በረረ።

አጎት፦ ቆይ፣ ቆይ። ዘንጉ ሲሳብ ምን ይሠራ ነበር?

ልጅቱ፦ ምንም።

አጎት፦ ምንም ማለት?

ልጅቱ፦ መንኮራኩሩን የሚመሩት ከመሬት ነው። ዘንጉ የሱን ፍጥነት መለኪያ ብቻ ነበር።

አጎት፦ ለካ ይሄ ምስኪን እየነዳሁ ነው ብሎ ነው የሄደው! ይሄንን ድራማሽ ውስጥ አስገቢው። ሦስቱም ፊት ለፊታቸው አንድ ዘንግ ይኑር። ይሳቡት። ምንም አይሥራ።

ልጅቱ፦ ያልጨረስኩት አለ። ከውቅያኖስ ሲያወጡት ጥርሱን ገልጦ የተነሣው ፎቶ አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ ብሎ ተቀበለው። ቺምፓንዚ ግን እንደዚያ ጥርሱን የሚያገጥጠው በጣም ሲፈራ ነው። ጋዜጠኞች ወንበሩ ላይ መልሱትና ፎቶ እናንሣው ቢሉ እምቢ ብሎ ታገለ፤ ስንት ጎልማሳ ተረባርቦ አልቻለውም። ከ1963 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው የእንስሳት ማቆያ ለብቻው አሥራ ሰባት ዓመት ኖረ። ቺምፓንዚ ደግሞ እንደኛ ነው፤ ያለ ዘመድ አይሆንለትም። በ1983 ሞተ።

አጎት፦ ያዦቹ የሚበልጡት ብልሆች ፎቶውን እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም በይኛ። በይ አሁን የእኔን ስሚ። የሐምን ዓይነት መንገደኛ ሳይሆን በፈቃዱ የሄደ ጠፈርተኛ ልንገርሽ። ፔሮ ዳ ኮቪልያ ይባላል፤ ፖርቱጋላዊ ነው።

ልጅቱ፦ ጠፈርተኛ አሉት?

አጎት፦ ለዘመኑ ሌላ ምን ትይዋለሽ? በ1487 ንጉሡ ዡዋው 2ኛ ቄስ ንጉሥ ዮሐንስ የሚሉትን ንጉሥ አገር ፈልግ፣ የቅመሙንም መንገድ እግረ መንገድህን እይ ብሎ ሰደደው። ዐረብኛ ይችላል። ነጋዴ መስሎ ካይሮ፣ ኤደን፣ ሕንድ ካሊከት፣ ሆርሙዝ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሶፋላ ድረስ ዞሯል። ቫስኮ ዳ ጋማ ከመነሣቱ በፊት ነው ይሄ ሁሉ። ያየውን ካይሮ ላይ ላገኙት መልእክተኞች አስረክቦ፣ በ1493 ገደማ እኛ አገር ገባ። አፄ እስክንድር በደስታ ተቀበሉት፤ በክብር እመልስሃለሁ አሉት። ብዙም ሳይቆዩ በ1494 ሞቱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ናዖድ ነገሡ። ኮቪልያ ልሂድ ብሎ ጠየቀ። ናዖድ አይሆንም አሉ።

ልጅቱ፦ ምክንያታቸው ምንድን ነው?

አጎት፦ ልማድ። የመጣ አይመለስም፤ የነበረው ሥርዓት ያ ነው። ግን ከዚያ በፊት ናዖድ ከየት እንደመጡ እወቂ። ከዚህ ወደ ደሴ ስትሄጂ ውርጌሳን አልፈሽ ውጫሌ ስትደርሺ በቀኝሽ በኩል ያለው አገር አምባሰል ነው። ከዚያ ጀርባ ግሸን አለች።

ልጅቱ፦ መስከረም 21 ቀን ሰው እንደ ጎርፍ የሚወጣባት።

አጎት፦ ዛሬ ለመሳለም የሚወጡባት። ያኔ የወጣ አይወርድባትም ነበር። የነጋሢ ዘር የሆነ ወንድ ሁሉ በመንግሥት ላይ እንዳይነሣ እዚያ አምባ ላይ ይዘጋበታል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ልጁም እዚያው ያድጋል። ንጉሥ ሲሞት አንዱን ያወርዱታል፤ ሌሎቹ ይቀራሉ። ናዖድ ከዚያ የወረዱ ናቸው።

ልጅቱ፦ ታስረው የኖሩ ሰው ማለት ነው!

አጎት፦ እስር ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰው። ከአምባው ወርደው ዙፋን ላይ ሲቀመጡ ልሂድ ያላቸውን እንግዳ አትሄድም አሉት። ያ የመርከብ መኮንንሽ ልቦለድ ብሎ የጻፈውን፣ እኛ አራት መቶ ስልሳ ዓመት ቀድመን እዚሁ ጎረቤታችን አድርገነዋል። ታሳሪው ሳጥን ሠራ። ታዲያ የናዖድ አእምሮ የታወቀው በዚያ ነው?

ልጅቱ፦ እንደሱ ሲሉት ልቦለዱ አስጠላኝ። ግን ኮቪልያ ሳጥን ውስጥ አልነበረም።

አጎት፦ አልነበረም። ርስት ሰጡት፤ ሚስት አጋቡት። ልጆች ወለደ። አማርኛውን ለመደ። የቤተ መንግሥት ሰው ሆነ፤ እቴጌ እሌኒ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ሲልኩ ምክሩ የእሱ ሳይሆን አልቀረም ይባላል። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ አስተርጓሚያቸው እሱ ነው። ከእነሱ ጋር ያለው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአንጎት በኩል፣ ማለት በዛሬው ወልድያና ቆቦ አካባቢ በኩል ያለፈ ነው፤ ግሸንንም ከሩቅ አይቷታል። ከመሳፍንቱ ደብዳቤ ይዘህ ወጣህ የተባለ መነኩሴ ከጠባቂዎቹ ጋር ሲገረፍ ማየቱን ጽፏል። ስለ ኮቪልያ ከጻፈው ሁሉ ግን እኔን የያዘኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ሰውዬው አልቫሬዝን ባገኘ ጊዜ ንስሐ ገባ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ንስሐ አልገባሁም አለው። ለምን ቢሉ፣ የዚህ አገር ቄስ የነገርኩትን ምስጢር አይጠብቅልኝም ብሎ ይፈራ ነበር።

ልጅቱ፦ ሚስት አለው፣ ርስት አለው፣ የሚያምነው ሰው ግን የለውም።

አጎት፦ ይኼውልሽ። በሰንሰለት የታሰረ ሰው ጠላቱን ያውቃል። ኮቪልያ ማንን ይጥላ? ያጎረሱትን ነው?

ልጅቱ፦ መልእክተኞቹ ሲመለሱ አብሮ ሄደ?

አጎት፦ በ1526 ሄዱ፤ እሱ ቀረ። ጠይቆ ነበር፤ እነሱም ለምነውለታል። አፄ ልብነ ድንግልም አልፈቀዱም። የአባታቸውን ቃል ነው ያጸኑት።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ አንቱ ናዖድን ሲወቅሱ ዝም ብዬ ሰማሁ። እኔ ግን ልከራከርላቸው ነው። ምናልባት ትክክል ነበሩ።

አጎት፦ እስቲ በይ።

ልጅቱ፦ የመጣው ሰው ሰላይ ነው። ራስዎ ነዎት ያሉት፤ የላከው ንጉሡ ነው፤ መንገድ እይ ብሎ። ያየውን ይዞ ቢመለስ ከኋላው ማን ይከተላል? እኔ ያዥ ብሆን፣ ከሰማይ ሦስት ሰው ቢወርድብኝ፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ «እነዚህ ተመልሰው የት እንዳለን ከተናገሩ አለቀልን» ነው። ስቲቨን ሆኪንግም በ2010 ያስጠነቀቀው ይሄንኑ ነው። እዚህ ነን ብላችሁ አትጩኹ፤ የሚሰማው ማን እንደሆነ አታውቁም ነው ያለው።

አጎት፦ ጥሩ አድርገሽ ተከራከርሽ፤ ምስክር ልጨምርልሽ። ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነበር። ሸዋ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ቆይቶ በ1842 ወደ ጎንደር እሄዳለሁ ብሎ ከአንኮበር ተነሣ። ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የሚባል ባላባት ያዘው። ቀናት አስቀምጦ ዕቃውን ሁሉ ገፎ ለቀቀው። ባዶ እጁን፣ እየለመነ፣ በየጁ በኩል አድርጎ ምጽዋ ደረሰ።

ልጅቱ፦ በእኛው አገር በኩል!

አጎት፦ በእኛው። ምን ሆነ መሰለሽ? ያየውን አሳተመ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሊዘምት ሲነሣ የቀድሞ መንገደኞችን ጽሑፍ ሁሉ ሰብስቦ የመንገድ መምሪያ አዘጋጀ። አስተርጓሚ ሆኖ አብሮ የመጣውስ ማን ነው? ያው ክራፕፍ። ጤናው አልፈቀደለትም እንጂ መቅደላ ድረስ በመጣ ነበር። ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በእንጣሎ፣ በአሸንጌ፣ በላስታ አድርጎ ዋድላና ደላንታን ሲሻገር አርባ አራት ዝሆን ይነዳ ነበር። ገበሬው ምን ብሎ ይሆን? ለእሱ ከሰማይ የወረደ ነው።

ልጅቱ፦ ስለዚህ አዳራ ቢሌ ባይለቀው ኖሮ…

አጎት፦ ጦሩ በሌላ አስተርጓሚ ይመጣ ነበር። አንድ ሰው ይዞ መንገድ መዝጋት አይቻልም። ኮቪልያን አስቀሩት፤ እሱ ግን ወሬውን ካይሮ ላይ አስረክቦ ነው የገባው። የያዙት ባዶውን ነው።

ልጅቱ፦ ይሄ ለድራማው ይሆነኛል። ሲይዟቸው መረጃው ቀድሞ ተልኳል። ያዡ ይሄንን ያውቃል፣ ግን አይለቅም።

አጎት፦ ለምን እንደማይለቅ ራሱም አያውቅም በይ።

ልጅቱ፦ መቅደላን ካነሡ አይቀር፣ እዚያስ ምክንያቱ ምን ነበር? ቴዎድሮስ የውጭ ሰዎቹን ለምን ያዟቸው?

አጎት፦ እኛ የየጁ ሰዎች ቴዎድሮስን ለማመስገን አንቸኩልም፤ በ1853 አይሻል ላይ የራስ ዓሊን ቤት ያፈረሱት እሳቸው ናቸው። ለማማትም አልቸኩልም። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ የለም። ለንደን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተኝቶ ቀረ። በ1864 መጀመሪያ ላይ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። መልሱን ይዞ የመጣውን ራሳምንም ቆይተው ያዙት። ራሳም ታውቂዋለሽ? የሞሱል ሰው ነው። ነነዌን ሲቆፍር የጊልጋሜሽ ታሪክ የተጻፈባቸውን የሸክላ ጽላቶች ያወጣ እሱ ነው። የጥንት ሰዎችን ዝምታ ያስፈታ ሰው ነው መቅደላ ላይ እግሩ የታሰረው።

ልጅቱ፦ እንዴት ነበር የሚታሰሩት?

አጎት፦ ዶክተር ብላንክ የሚባለው ሐኪም አብሮ ታስሮ ነበርና ጽፎታል። መሬት ላይ ያስቀምጡሻል። እግርሽን ትልቅ ድንጋይ ላይ ያስደግፉታል። የብረቱን ቀለበት ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ያገቡና በመዶሻ እየመቱ አፉን ያገጥሙታል። መዶሻው አንድ ጊዜ ቢስት አጥንት ነው። ሁለቱን ቀለበት ጥቂት አጫጭር ዘለበቶች ያያይዟቸዋል፤ ርምጃሽ የሕፃን ርምጃ ይሆናል። ቴዎድሮስ ግን ራሳምን ወዳጄ እያሉ ነው። ደብዳቤ ይልኩለታል፤ ጤናውን ይጠይቃሉ። ራሳም እዚያው አምባ ላይ አትክልት ተክሏል፤ ብላንክ በሽተኛ ያክማል።

ልጅቱ፦ ሙያቸውን ስለፈለጉ ነዋ።

አጎት፦ ሙያ ማለትስ የጋፋቶቹ ነው። አውሮጳውያኑን የእጅ ባለሙያዎች ጋፋት ላይ መድፍ ሥሩ አሏቸው። አንችልም አሉ። ትችላላችሁ ተባሉ። ሠሩ! ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። ሄደሽ መንካት ትችያለሽ። ለእኔ ይሄ ከያዦች ሁሉ የሚሻለው ነው፤ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ከራስህ ውስጥ ያለውን እውቀት አውጣና ስጠኝ ይላል። መደራደር ይቻላል።

ልጅቱ፦ ማን ማንን እንዳጠና ግን አልታወቀም። ብላንክ ጻፈ አሉ። ሌሎቹስ?

አጎት፦ ራሳም ሁለት ቅጽ ጻፈ። አብሮ የታሰረው ሚሲዮናዊ ስተርን ጻፈ። ከጋፋቶቹም ዋልድማየር ጻፈ። ንጉሡ ሲቆጡ ፊታቸው ምን እንደሚመስል፣ ሲጸጸቱ ምን እንደሚሉ፣ ማን ምን እንደሚበላ፣ ሁሉም አለ። የያዝኳቸው ያጠኑኛል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እንዲያውም ስለ መቅደላ የውስጥ ኑሮ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ከታሳሪዎቹ ነው።

ልጅቱ፦ ሐም ቢጽፍ ኖሮ…

አጎት፦ «ነጭ ኮት የለበሱት ፍጡራን መብራት ይወዳሉ» ብሎ ይጀምር ነበር።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል። ወልድያ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2013 ክረምት…

አጎት፦ እሱን ድራማ ውስጥ አታስገቢው።

ልጅቱ፦ አላስገባም። ግን ተያዥ ምን እንደሚፈልግ የተማርኩት ያኔ ነው። ስልክ የለ፣ መብራት የለ። ከምግቡ እኩል የሚርበን ወሬ ነበር። ዘመድ ይኑር ይሙት አለማወቅ። የኔ ሦስት ጠፈርተኞች ሃያ ሁለት ገጽ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ቤታቸው አልጠየቁም። አሁን ነው ያየሁት።

አጎት፦ አስተካክይዋ። ራሳምን ያቆየው በድብቅ ከምጽዋ የሚመላለሰው ፖስተኛ ነው። ገንዘቡም ወሬውም በዚያ ነው የሚመጣለት። በይ እንግዲህ ደብዳቤ ካነሣሽ ሦስተኛውን ያዥ ላምጣልሽ፤ የከፋውን።

ልጅቱ፦ ከቴዎድሮስ የከፋ?

አጎት፦ ያዘነው ነዋ። ሚያዝያ 1868 መቅደላ ስትወድቅ ልዑል ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ ነው። አባቱ ሞተ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ሲሄዱ በወሩ ትግራይ ላይ ሞቱ። ልጁን እንግሊዞች ወሰዱት። ለምን? አገሩ ቢቀር ይገድሉታል፤ እናሳድገው፤ እናስተምረው። ካፒቴን ስፒዲ የሚባል አማርኛ የሚችል ረጅም ሰው አሳዳጊ ሆነለት፤ ልጁ ከሱ ጋር ካልሆነ አይተኛም ነበር ይላሉ። ቆይተው ከእሱም ለዩት፤ ትምህርቱ እንዳይበደል ብለው ነው። ቸልትነም አስገቡት፣ ራግቢ፣ ሳንድኸርስት። ንግሥቲቱ ታዝንለታለች፤ በማስታወሻዋ ሳይቀር ትጽፋለች።

ልጅቱ፦ ክፉ አላደረጉበትም እኮ። እንዲያውም…

አጎት፦ እኔስ ምን አልኩ? ማንም ክፉ አላደረገበትም። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ልጄን አሳዩኝ እያሉ። አገሬ ልግባ ሲል፣ ለአንተ አይበጅህም ይሉታል። ለማን ይክሰስ? ከሳሽም ተከሳሽም የለ። ሰንሰለት የለ፤ በመዶሻ የሚመታው የለ። ማንም አሰርኩት ስላላለ የሚፈታውም ጠፋ። ኖቬምበር 1879 ሊድስ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ዊንዘር ነገሥታቱ ከሚቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት።

ልጅቱ፦ አጽሙን መልሱ ተብለው አልነበር?

አጎት፦ በ2023 ቤተ መንግሥቱ የመለሰው፣ እሱን ለማውጣት አጠገቡ ያረፉትን ሌሎች መረበሽ ይሆናል የሚል ነው። እዚያው ዓመት የተመለሰው ከፀጉሩ ላይ የተቆረጠ ዘለላ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በትሕትና ነው የያዙት።

ልጅቱ፦ ይሄ ሰዎች ስለ ፍጡራኑ የሚሉትን አስታወሰኝ። ጆን ቦል የሚባል የሥነ ፈለክ ሰው በ1973 ያመጣው ሐሳብ አለ። በሰማይ ይሄ ሁሉ ኮከብ እያለ ማንም ያላናገረን፣ እነሱ እኛን እንደ ፓርክ እንስሳ ከልለውን ነው ይላል። ያዩናል፤ እንዳንረበሽ ብለው አይነኩንም። ለእኛ አዝነው።

አጎት፦ ሰሜን ፓርክ ያለውን ጭላዳ እንደከለልነው። ጭላዳው ፓርክ ውስጥ መሆኑን ያውቃል?

ልጅቱ፦ ሣሩን እየነጨ ነው።

አጎት፦ እኔን የሚያሳዝነኝ እነሱ ቢመጡም እኛን አለመጠየቃቸው ነው። ያ የላኩት የወርቅ ሸክላ አለ አይደል?

ልጅቱ፦ የቮዬጀሮቹ። በ1977 በሁለቱም መንኮራኩሮች ላይ ጭነው የላኩት፤ ሰላምታ በሃምሳ አምስት ቋንቋ። ሱመርኛ አለ፣ የሚናገረው የጠፋው። ሉጋንዳ አለ፣ ሶቶ አለ። አማርኛ የለም።

አጎት፦ ጎሽ! ቢያንስ አድራሻችን አልተሰጠም።

ልጅቱ፦ እየሳቁ ነው፤ እኔ ግን ድራማዬን ላፈርሰው ነው። ሦስት ማዕዘኑ ይውጣ። የአይጧ ሳጥንም ይውጣ። ከዚያ ምን ይቀራል?

አጎት፦ ሦስቱን በሦስት ምክንያት አስይዢያቸው። አንዱን ለእጁ ሙያ። አንዱን መንገዱን ያውቃል ብለው፣ ርስትና ቤት ሰጥተው። አንዱን አዝነውለት።

ልጅቱ፦ ሦስተኛው ልጅ መሆን ነበረበት። ጠፈርተኛ ደግሞ ልጅ አይሆንም።

አጎት፦ ለእነሱ ሁሉም ልጅ ነው። በእውቀት ይበልጧቸዋል አላልሽም?

ልጅቱ፦ (ትጽፋለች) መጀመሪያ የሚፈታው ማን ነው?

አጎት፦ ባለሙያው። ሥራው ያልቃል፣ ወይ ጦር ይመጣለታል። መንገድ ያወቀው ያረጃል። ሦስተኛውን እኔንጃ።

ልጅቱ፦ ሌላም ችግር አለብኝ። የክበቡ ልጆች ሁሉ ታሳሪ ካልሆንን ይላሉ፤ ማልቀሻ ስላለው። ያዥ የሚሆን ጠፋ። ጭምብል አድርጎ በወፍራም ድምፅ ማጓራት ያፍራሉ።

አጎት፦ ምን ማጓራት አመጣው? ጭምብሉንም ጣይው። አንቺ ራስሽ ያዥ ሁኚ።

ልጅቱ፦ እኔ? ምን ብዬ ነው የምጫወተው?

አጎት፦ እየገባሽ «በላችሁ? በረዳችሁ? የጎደለ ነገር አለ?» ብለሽ ትጠይቂያቸዋለሽ። ስለ ቤታቸው ሲያነሡብሽ ትራሱን ታስተካክያለሽ።